ስምንት ነጥብ ሁለት

1.

ስምንት ነጥብ ሁለት።

ከስምንት በታች ቢወርድ ኖሮ ደም ይሰቅሉላት ነበር።

አልወረደም።

2.

ለማታውቀኝ ሰው፦ ይስማው እባላለሁ። ግንበኛ ነኝ፣ ሀምሳ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ወይዘሮ አንጓች ከቧንቧ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አንሸራትቷት ወደቀች፤ የግራ ዳሌዋ ተሰበረ። ከትናንት በስቲያ፣ ሰኞ፣ ቀደው ብረት አስገቡላት። አሁን ይኸው በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው አልጋ ላይ ተኝታለች። እኔ ከጎኗ የቀለም ባልዲ ደፍቼ ተቀምጫለሁ። ወንበር ለአስታማሚ የለም ተብያለሁ።

የምጽፍበት ወረቀት የሆስፒታሉ ነው። ሲስተር ጽጌ የምትባለዋ ነርስ «የጠጡትንና የሸኑትን እዚህ ላይ ይመዝግቡልን» ብላ ሰጠችኝ። ፊቱ ሠንጠረዥ አለው። ጀርባው ነጭ ነው።

የምጽፈው ጀርባው ላይ ነው።

3.

ከወረቀቱ ፊት፣ በእኔ እጅ የተሞላ፣ የዛሬ ረቡዕ፦

12፡30 — ውሃ፣ ግማሽ ብርጭቆ
1፡00 — ሻይ፣ ሁለት ጉንጭ
1፡20 — ሽንት፣ ትንሽ፣ የጠቆረ
2፡00 — ገንፎ፣ አልፈልግም አለች
4፡00 — ውሃ፣ ከንፈሯን ብቻ አራሰች

ከሥር አንድ ሣጥን አለ። «ሌላ የታየ ነገር» ይላል።

ባዶ ነው።

4. ደም መቼ እንደሚሰጥ (ዶክተር ሶስና እንደነገረችኝ፣ እኔ እንደገባኝ)

ከክንድ ትንሽ ደም ተቀድቶ ኃይሉ በቁጥር ይለካል። የጤነኛ ሴት አሥራ ሁለትም አሥራ ሦስትም ይሆናል። ዳሌ ሲሰበር ግን ደሙ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ ሰው አያየውም። እናቴ ስትገባ ዘጠኝ ነበረች። ኦፕራሲዮኑ ላይ አንድ ከረጢት ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ምንም።

«ደም መድኃኒት ነው ጋሼ» አለችኝ ዶክተሯ። «መድኃኒት ሳያስፈልግ ከተሰጠ እሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከስምንት በታች ከወረዱ እንሰጣለን። ባይወርዱም ምልክት ካሳዩ እንሰጣለን።»

ምልክት ያለችው አራት ነገር ነው። የደረት ሕመም። ቀና ሲሉ ማዞር። የትንፋሽ ማጠር። ተኝተው ሳለ የልብ መደለቅ።

እኔ ቱንቢ ጥዬ ግድግዳ የማቆም ሰው ነኝ። መስመር ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረኝም። ነገር ግን ግንበኛ ቱንቢውን ብቻ አይቶ አይሄድም። ድንጋዩን በመዶሻ ቆርቆር ያደርገዋል። ውስጡ የተሰነጠቀ ድንጋይ ከላይ ደህና ይመስላል፤ ድምፁ ነው የሚያጋልጠው።

እናቴን ማን አንኳኳት?

5.

ያንኳኳኋት እኔ ነኝ። ድምፁንም ሰምቻለሁ። ወደዚያ እመጣለሁ፤ አሁን አታስቸኩለኝ።

6.

የወደቀች ዕለት ሆስፒታል አላመጣኋትም። ወጌሻ ጋ ነው የወሰድኳት። ለምን አትበለኝ። በእኛ ሰፈር እግር ተሰብሮ ሆስፒታል የሄደ «ይቆርጡታል» ነው የሚባለው። ወጌሻው በቅቤ አሸ፣ በቀርከሃ አሰረ፣ «ወለምታ ናት፣ በሳምንቷ ትቆማለች» አለ። በአራተኛው ቀን እግሯ አጥሮ፣ ጣቶቿ ወደ ውጭ ዞረው፣ ጭኗ እንደ በለስ ጠቁሮ ሳይ በቃሬዛ ይዣት መጣሁ።

ዶክተሯ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው።

«አራት ቀን?» አለችኝ።

ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

7. የተናቅሁባቸው ቀኖች (ከብዙው ጥቂቱ)

ሀ) ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩ ጊዜ። አባታችን ሞቶ ነበር፤ እማ ሁለት ልጅ ማስተማር አልሆነላትም። ታናሼን መኳንንትን አስቀጠለችው፣ እኔን ለአንድ ግንበኛ ጭቃ አቡኪ አድርጋ ሰጠችኝ። ከክፍል ሦስተኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ። እሱ አሥራ ዘጠነኛ ነበር።

ለ) መኳንንት የተመረቀ ዕለት። ቤተሰቡ ፎቶ ሲነሳ «ይስማው፣ አንተ ካሜራዋን ያዝ» ተባልኩ። በዚያ ፎቶ ላይ የለሁም።

ሐ) ይህ ሆስፒታል የተመረቀ ዕለት። እናቴ የተኛችበትን ክፍል ግድግዳ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ከመስኮቱ ሥር ሦስተኛው ድንጋይ ላይ የመሮዬ ምልክት አለ፤ አሁን እዚህ ተቀምጬ አየዋለሁ። የምረቃው ዕለት ዘበኛው የጥሪ ወረቀት አልያዝክም ብሎ ከበር መለሰኝ።

መ) ትናንት፣ ማክሰኞ።

8. ማክሰኞ ጠዋት፣ ራውንድ (ዶክተሯ አልጋ በአልጋ ስትዞር)

ዶክተሯ፦ እማማ፣ እንዴት አደሩ?
እናቴ፦ እግዚአብሔር ይመስገን።
ዶክተሯ፦ አያዞርዎትም?
እናቴ፦ ኧረ ተመስገን ነው፣ ልጄ።
እኔ፦ ዶክተር፣ እኔ ልንገርሽ፣ ስታቃስት እኮ ነው ያ—
ዶክተሯ፦ ጋሼ፣ የጠየቅኩት እሳቸውን ነው። እሳቸው ይመልሱ።

ከኋላዋ ስድስት ተማሪዎች ቆመው ነበር። አንደኛው ሳቀ። በሌላ ነገር ይሆናል።

ሳቀ ግን።

9.

(ይህን ቁጥር ዘልዬዋለሁ። ቦታው ይጠብቀኝ።)

10.

እናቴን ለማታውቅ፦ «አመመኝ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ወጌሻው የተሰበረ ዳሌዋን ሲያሽ እንኳ «ተመስገን፣ ተመስገን» ነበር የምትለው። በቀኝ በኩል ያለው አልጋ ላይ ወይዘሮ ላቀች አሉ፣ እሳቸውም ዳሌያቸው ነው። ልጃቸው ብርቄ «ጋሽ ይስማው፣ እናትዎን ከሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆነው እንዴት ነዎት ቢሏቸው ተመስገን ሳይሉ አይቀሩም» ብላ ትናንት አሳቀችን። እናቴም ሳቀች። ሳቋን ለመጨረስ ትንፋሽ አነሳት።

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እንዴት ነህ ሲባል ሕመሙን አይዘረግፍም። መጀመሪያ ያመሰግናል። እንደገና ይጠየቃል፤ እንደገና ያመሰግናል። ሦስተኛ ላይ ጠያቂው ቁጭ ብሎ እጁን ሲይዘው ያኔ «ምን ባክህ» ብሎ እውነቱን ያወጣዋል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

ዶክተሯ የምትጠይቀው አንዴ ነው። ቆማ። ሃያ ሁለት አልጋ አለባት። «ምልክት የለም» ብላ ጽፋ ታልፋለች።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ የት ይጠየቅ?

11. የደም ለጋሽ ቅጽ (የእኔ)

ዕድሜ፦ 54
የትምህርት ደረጃ፦ 6
ከታካሚዋ ጋር ያለዎት ዝምድና፦ ልጅ
የሚለግሱበት ምክንያት፦ እናቴ ናት

ከኦፕራሲዮኑ በፊት «ሁለት ሰው ደም ይተካ» ተባልን። አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ብርቄም ለእናቷ ልትሰጥ ከኋላዬ ተራ ይዛ ነበር። መኳንንት ከሚሠራበት ከተማ በአውቶቡስ መጥቶ ሁለተኛው ሆነ። እሱ ምክንያት በሚለው ላይ ሦስት መስመር ጻፈ።

መርፌ እፈራለሁ። ድንጋይ እግሬ ላይ ወድቆ ያላለቀስኩ ሰው፣ ያቺን ቀጭን ብረት ሳይ ላብ አጠመቀኝ። መኳንንት ከጎኔ ተጋድሞ «ወንድም ጋሼ፣ ወደዚያ ዙር፣ አትየው» አለኝ። አልዞርኩም። ደሜ በቱቦው ሲሄድ እስከ መጨረሻው አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ የሚወሰደው ነገር ወዴት እንደሚሄድ አውቄ ነበር።

12.

አላወቅኩም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለወይዘሮ ላቀች ደም ተሰቀለላቸው። የእሳቸው ሰባት ነጥብ አንድ ነው። ከረጢቱን አይቼ ሲስተር ጽጌን «ያ የእኛ ነው» አልኳት። «ጋሼ» አለች፣ ረጋ ብላ፣ «ባንክ ከገባ በኋላ ደም ስም የለውም። እናትዎ ሲያስፈልጋቸው ደግሞ የእሳቸው ዓይነት ከማቀዝቀዣው ይወጣል፣ አለ» አለችኝ።

አለ ማለቷን ልብ በል። ከዚህ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ አለ።

ወይዘሮ ላቀች ማታ ላይ ከንፈራቸው ቀላ። ዛሬ ጠዋት «ገንፎ ስጡኝ» አሉ።

ደስ አላለኝም። ልጽፍ ከተቀመጥኩ እውነቱን ልጻፍ።

13. ዛሬ ጠዋት፣ ራውንድ

ዶክተሯ፦ እማማ፣ እንዴት አደሩ?
እናቴ፦ እግዚአብሔር ይመስገን።
ዶክተሯ፦ ደረትዎን ያምዎታል? ያዞርዎታል?
እናቴ፦ ኧረ ምንም የለ፣ የኔ ልጅ።
ዶክተሯ፦ (ወረቀት እያየች) ስምንት ነጥብ ሁለት። ልብዎ ፈጠን ብሏል፣ ከቁስሉ ሕመም ይሆናል። (ወደ እኔ ዞራ) ጋሼ፣ እርስዎስ? ያዩት ነገር አለ?
እኔ፦

14.

እኔ፦ የሚጠየቀው እሷ አይደለች እንዴ።

ያልኩት ይህን ነው። ፈገግ ብዬ፣ ተማሪዎቹ እንዲሰሙ ጮክ አድርጌ። ዶክተሯ ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ጻፈች። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ላቀች አልጋ ሄደች።

ሁለት ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ።

15.

ፍርሃት።

16.

ሰባት ሰዓት ከሩብ። ትንፋሿን ቆጠርኩ። በደቂቃ ሃያ ስድስት። የራሴን ቆጠርኩ፤ አሥራ ስምንት፣ ያውም ፈርቼ። የእሷን ደገምኩት፤ ሃያ ስድስት።

መዳፏን ወደ ብርሃኑ ገለበጥኩት። መስመሮቹ ውስጥ ቀይ የለም። የዓይኗን ሥር በአውራ ጣቴ ዝቅ አድርጌ አየሁ፤ ኖራ የተቀባ ነው የሚመስለው።

«እማ» አልኳት። ዝም። «እማ።»

«አቤት» አለች። ቀጥላ የአባቴን ስም ጠራች።

17. መመሪያ ለአስታማሚ

ፎጣ ይዘህ ና። ባልዲ ይዘህ ና፣ ወንበር የለም። ዶክተር ሲመጣ ተነሥ። ኮፍያህን አውልቅ። የታማሚህን ነጠላ አስተካክል፣ እግሯ አይታይ። ካልጠየቁህ አትናገር።

ከጠየቁህ ተናገር።

ከጠየቁህ ተናገር።

ከጠየቁህ፣ አንተ ሰው፣ ተናገር።

18.

ወደ ሥራው የተመለሰው መኳንንት ደወለ። እንዴት ናት አለኝ።

«ተመስገን» አልኩት።

እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው ያለው።

«ወንድም ጋሼ» አለ፣ «አንተም ጀመርክ?»

ዘጋሁት። መልሶ ሲደውል አላነሳሁም። እሱ ቢሆን ሄዶ ይናገራል፤ ከእነሱ ጋር መነጋገር ያውቃል። ይህን ማሰቤ ራሱ አናደደኝና ስልኩን ባልዲው ሥር ከተትኩት።

19.

ዶክተሯ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኦፕራሲዮን ክፍል ናት። ሲስተር ጽጌ ግን በዚህ ሁለቴ አልፋለች። ሁለቴም አፌን ከፍቻለሁ።

«ምነው ጋሼ?» አለችኝ በሁለተኛው።

«ውሃ» አልኩ። «የመጠጥ ውሃ የት ነው?»

ውሃው የት እንደሆነ ከእሷ በፊት የማውቅ ሰው ነኝ። ቧንቧው የተተከለበትን ምሰሶ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ዘጠነኛውን ሳልጽፍ አይገባህም።

9.

ዛሬ ጠዋት፣ ከራውንዱ በፊት። ፊቷን ላጥባት በትራስ ደግፌ ቀና አደረግኳት። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ደረቷን በጭብጧ ይዛ «አስተኛኝ፣ ቤቱ ዞረብኝ» አለች። አስተኛኋት። ላቧ ትራሱን አርሶታል። ልቧ በቀሚሷ ላይ ሲዘል ይታየኛል። ትንፋሿ እንደ ሮጠ ሰው ነው።

አራቱም ምልክት። አራቱም በአንዴ።

«አሁን ዶክተሯ ስትመጣ እነግራታለሁ» አልኩ።

«እንዳትናገር።»

«እማ፣ ደም ይሰጡሻል እኮ። ቀላል ነው።»

«የማንን?»

የፊቷን ፎጣ ጨመቅኩ።

«ብርቄ ነገረችኝ» አለች። «ከይስማው ነው የቀዱት፣ እጁን ሲሰጥ ላብ አጠመቀው አለችኝ።» አረፈች። ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የምታወጣቸው። «ያኔ ደብተርህን ነጥቄ ለመኳንንት ሰጠሁት። ግማሹ ገና አልተጻፈበትም ነበር። አንድ ቀን አላነሳህብኝም። እኔ ግን አውቃለሁ። ሁለተኛ ካንተ አልወስድም።»

«እማ፣ እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ—»

«ብትናገር የአባትህ አጥንት ይውጋህ።»

ገዘተችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አውቃለሁ አለች። ይህችን ቃል አርባ ሁለት ዓመት ጠብቄያታለሁ። በየግንቡ ላይ፣ በየድንጋዩ መካከል ጠብቄያታለሁ። ስትመጣ እንዲህ ሆና መጣች።

20.

ግዝቱ ነው አፌን የያዘው እያልኩ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ስደልል ዋልኩ።

ውሸት ነው።

ዶክተሯ «እርስዎስ?» ስትለኝ የአባቴ አጥንት ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ያ የሳቀው ተማሪ ነው። ግዝቱን ያስታወስኩት ዶክተሯ ከሄደች በኋላ ነው፣ መደበቂያ ስፈልግ።

21.

ስምንት ሰዓት ተኩል። ሃያ ዘጠኝ።

አሁን ደግሞ በእውነት ግዝቱን እፈራለሁ። የሞተ አባት አጥንት ሲወጋ ያየሁት ነገር ነው፤ ጎረቤታችን የእናቱን ግዝት ጥሶ በዓመቱ ምን እንደሆነ ሰፈር ያውቃል። ግዝቱን ብጠብቅ ደግሞ የማየው ይኸው ከፊቴ ነው።

ብናገር የሰጠችኝን ይቅርታ መልሼ ፊቷ ላይ እንደ መወርወር ነው። ዝም ብል ይቅርታዋን ይዤ እቀብራታለሁ።

22.

አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር።

አጥንቱም አይችልም።

የገዘተችው አፌን ነው። ስለ እጄ ያለችው ነገር የለም።

23.

ዶክተሯ ከኦፕራሲዮን ስትወጣ በዚህ ታልፋለች። ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ሰኞም ማክሰኞም አይቻታለሁ። እጇን ትዘረጋለች፣ «ወረቀቱን ጋሼ» ትላለች። ፊቱን ታያለች። ውሃ፣ ሻይ፣ ሽንት። ሣጥኑን ታያለች። ትመልስልኛለች። ገልብጣው አታውቅም።

ገልብጬ ብሰጣትስ?

ሁሉን ታነበዋለች። ስለ እሷ ያልኩትን። ለወይዘሮ ላቀች ደስ እንዳላለኝ። አራቱን ቀን። እናቴ ለእኔ ብቻ ብላ ያወጣችውን። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው የእጅ ጽሑፍ ምን እንደሚመስል። ያ ተማሪ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያነባል።

ሣጥኑን ብቻ ብሞላውስ? ትንሽ ናት፣ አራት ቃል ትይዛለች። አራት ቃል ነው የሚያስፈልገኝ። እስክሪብቶውን ሦስት ጊዜ ወስጄ ሦስት ጊዜ መልሻለሁ። እናቴ ዓይኗን ገልጣ እጄን ታያለች።

24.

ይህን የምታነበው ማን እንደሆንክ አላውቅም።

ዶክተር ሶስና ከሆንሽ፦ ዘጠነኛውን አንብቢ፣ ሌላው የእኔ የራሴ ነው፣ ተይው። ደሙን ስትሰቅዪላት የማን ነው ብላ ትጠይቅሻለች። ስም የለውም በያት። ካንቺ ታምናለች።

ሌላ ሰው ከሆንክ፣ ይህን ወረቀት ከቆሻሻ መጣያ ወይም ከቆየ ፋይል ውስጥ ያገኘኸው ከሆነ፦ እኔ አሁን የማላውቀውን አንተ ታውቃለህ። አትንገረኝ።

25.

ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት። ሠላሳ ሁለት።

ኮሪደሩ ላይ የጎማ ጫማ ይሰማል። ብርቄ የእናቷን ነጠላ እያስተካከለች ነው። ተነሥቻለሁ፤ ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ደግፌ ቆሜ ነው የምጽፈው። እናቴ ግራ እጄን ይዛዋለች። ጠበቅ ልታደርገው ትፈልጋለች፣ አቅም የላትም።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ተመስገን።»

«ወረቀቱን ጋሼ።»

26.

ሌላ የታየ ነገር፦